"ድሃ ሁሉ ይሰርቃል እንዴ?"

ባለፈው ሰሞን ስልክ ነጥቋል የተባለ ልጅ ተይዞ ሰው ሲረባረብበት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ኢንቦክሳችን ገባ። አልለጠፍነውም። ፊቱ በግልጽ ይታያል፣ ሲነጥቅ ያየው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ደግሞ ልጅ ነው። ያልለጠፍንበትን ምክንያት ጽፈን ሐሳባችሁን ስንጠይቅ ኮሜንቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ሥራ የለም፣ ኑሮው አልተቻለም፣ ምን ያድርግ?" አለ። ግማሹ "ሰበብ አታብዙ፣ ሌባ ሌባ ነው" አለ። ከሁሉም በላይ ላይክ የሰበሰበው ግን አንድ አጭር ጥያቄ ነው፦ "እኔም ድሃ ነኝ። ድሃ ሁሉ ይሰርቃል እንዴ?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደውም የዛሬ አምሳ ዓመት ገደማ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙሉ የአስተሳሰብ መስመር የተነሳው ከዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው። ያ አስተሳሰብ ከመጽሐፍ ወጥቶ የፖሊስ መመሪያ ሆኗል፣ ሰው አሳስሯል፣ ምናልባት ሰው አድኗል፣ ሰው ያጣበትም ጊዜ አለ። ዛሬ ስለሱ እናውራ። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሶሲዮሎጂ የተማርን ሰዎች አይደለንም፤ ያገኘነውን አንብበን፣ ያልገባንን የሚያውቁትን ጠይቀን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የዋናው ሰውዬ ስም ጄምስ ኪው ዊልሰን ይባላል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ያስተምር ነበር። በ1975 ስለ ወንጀል ባሳተመው መጽሐፍ ከአንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይነሳል። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ኢኮኖሚ አድጓል፣ መንግሥትም ድህነትን ለመቀነስ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ግን ወንጀል ሽቅብ ወጣ። ምክንያቱ ድህነት ከሆነ፣ ድህነት ሲቀንስ ወንጀል ለምን ጨመረ? ደግሞስ፣ እሺ፣ ሥሩ ድህነት ነው እንበል፤ ከንቲባው ዛሬ ማታ ድህነትን ማጥፋት ይችላል? አይችልም። ፖሊስ በእግር ማሰማራት፣ ደጋግሞ የሚሰርቀውን ማሰር ግን ይችላል። በቃ የሚቻለውን እንሥራ ነው ነገሩ።

ይህን መስመር ራይት ሪያሊዝም ይሉታል። "ራይት" ያሰኘው ፖለቲካው ወደ ቀኝ ስለሚያዘነብል ነው። ሰሚ ያገኘውም ሬገን አሜሪካን፣ ታቸር እንግሊዝን በሚመሩበት ዘመን ነው። "ሪያሊዝም" ያሰኘው ደግሞ "ቲዎሪውን ተዉትና መሬት ላይ ያለውን እዩ" ስለሚል።

መጀመሪያ እውነት ያለበትን እንናገር። ከኛ መካከል አንዱ ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጦ ካርታ እያየ ስልኩን ተነጥቋል። ገና ዕዳው ያላለቀ ስልክ ነበር። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው "የወንጀል መነሻ መዋቅራዊ ነው" ብትሉት በቡጢ አይላችሁም፣ ግን በልቡ ይላችኋል። ሌባ የሚበዛበት ሰፈር የሚኖረው ሀብታም አይደለም። በር ላይ ዘበኛ የሌለው፣ ማታ በእግሩ የሚገባው፣ የተሰረቀበትን መተካት የማይችለው ድሃው ነው። ራይት ሪያሊስቶች ይህን ጮክ ብለው ተናግረዋል፤ ያን ጊዜ ብዙ ምሁራን አይናገሩትም ነበር።

ሌላም ልክ የሆኑበት ነገር አለ። በ1979 ሎረንስ ኮሄንና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ ሁለት ሶሲዮሎጂስቶች አንድ ቀላል ነገር አሉ። ስርቆት እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች አንድ ቦታና አንድ ሰዓት ላይ መገናኘት አለባቸው፦ መስረቅ የፈለገ ሰው፣ ሊወሰድ የሚችል ዕቃና ጠባቂ ማጣት። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሴቶች ሥራ ወጡ፣ ቤቱ ቀን ቀን ባዶ ሆነ። ቴሌቪዥኑም በየዓመቱ እየቀለለ ሄደ፣ በብብት ይዞ መውጣት ተቻለ። ሌባው አልባሰም፤ ሁኔታው ተመቻቸለት እንጂ። (እነ ፌልሰን ራሳቸው ቀኝ ዘመም ነን አላሉም። ሐሳባቸውን ግን ራይት ሪያሊስቶቹ ወስደውታል።) እንግሊዝ ውስጥም ሮናልድ ክላርክና ዴሪክ ኮርኒሽ ሌባ ያሰላል አሉ፦ ምን አገኛለሁ? ምን ያህል ይከብደኛል? የመያዝ ዕድሌስ?

ስሌቱን ካበላሻችሁበት ይተዋል ማለት ነው። ምሳሌው ኪሳችሁ ውስጥ አለ። አፕል በ2013 አክቲቬሽን ሎክ የሚባለውን አስገባ፤ ባለቤቱ ከርቀት የቆለፈውን አይፎን ሌላ ሰው ከፍቶ እንደ አዲስ ሊጠቀምበት አይችልም። በ2015 መጀመሪያ የለንደን፣ የኒውዮርክና የሳን ፍራንሲስኮ ባለሥልጣናት በየከተሞቻቸው የአይፎን ስርቆት በግልጽ መቀነሱን ተናገሩ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 40 በመቶ ነው የተባለው። ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተደበደበም፣ ዕቃው ብቻ ለሌባው ዋጋ አጣ። (በነገራችን ላይ *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን ቁጥር ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፉት። ስልኩ ከጠፋ በኋላ ማስታወሻው ስልኩ ውስጥ ነበር የሚል ሰው በጣም ሰልችቶናል።)

እዚህ ድረስ ከራይት ሪያሊስቶች ጋር ብዙ ጠብ የለንም። ጠቡ የሚመጣው ከዕቃው ወደ ሰውየው ሲዞሩ ነው።

በ1982 ዊልሰንና ጆርጅ ኬሊንግ "የተሰበሩ መስኮቶች" የሚል ጽሑፍ አትላንቲክ መጽሔት ላይ አወጡ። ስለ ወንጀል ከተጻፉ የመጽሔት ጽሑፎች የዚህን ያህል ከተማ የቀየረ መኖሩን እንጃ። ሐሳቡን አያቶቻችሁም ሊነግሯችሁ ይችላሉ። አንድ ቤት ላይ አንድ መስኮት ተሰብሮ ካልተጠገነ፣ ያየው ሁሉ "እዚህ ቤት የሚያገባው ሰው የለም" ይላል፣ ሌሎቹም ይሰበራሉ። ሰፈርም እንደዚሁ ነው። ቆሻሻ ተከመረ፣ ግድግዳ ተሞነጫጨረ፣ ሰካራም መንገድ ላይ ተኛ፣ ማንም ምንም አላለም። ጨዋው ሰው ፈርቶ በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ መንገዱ ባለቤት ያጣል፣ ከዚያ ትልልቁ ወንጀለኛ ይመጣል።

ለማስረጃ የጠቀሱት ፊሊፕ ዚምባርዶ በ1969 ያደረገውን ሙከራ ነው። ሰሌዳ የሌላት፣ ኮፈኗ የተከፈተ መኪና ኒውዮርክ ብሮንክስ ላይ አቆመ፤ ሌላ አንድ ደግሞ ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ፣ ደህና ሰዎች የሚኖሩበት ከተማ። የብሮንክሷ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መፈታታት ጀመረች። መጀመሪያ የመጡት አባት፣ እናትና ትንሽ ልጃቸው ናቸው፤ ራዲያተሩንና ባትሪውን ነቅለው ሄዱ። የፓሎ አልቶዋን ከሳምንት በላይ የነካት የለም። ዚምባርዶ ራሱ በመዶሻ ሲመታት ግን መንገደኛው ሁሉ ተከተለ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተገለበጠች። ጽሑፉ ራሱ እንደሚለው፣ በሁለቱም ቦታ ከአጥፊዎቹ አብዛኞቹ ሲያዩዋቸው የተከበሩ የሚመስሉ ነጮች ነበሩ። ይቺን ነገር ያዙልን።

ከዚያው ጽሑፍ ሁለት ነገር ብዙ ሰው አያስተውልም። ሲጀምር ስለ ኒውዋርክ ከተማ ያወራል። እዚያ ፖሊሶች ከመኪና ወርደው በእግር እንዲዘዋወሩ ተደረገ። ውጤቱ ሲጠና የእግር ጥበቃው ወንጀልን አልቀነሰም። የሰፈሩ ሰው ግን ደህንነት ተሰማው። ዊልሰንና ኬሊንግ ይህን ሳይደብቁ ነው የሚጽፉት፤ ደህንነት መሰማቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው ይላሉ። እኛም እንስማማለን፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን የፍርሃት መቀነስና የወንጀል መቀነስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በኋላ ንድፈ ሐሳቡን የተሸከሙት ፖለቲከኞች ሁለቱን አንድ አደረጓቸው።

ሁለተኛው ይከብዳል። መስኮቱ ማነው? ጽሑፉ ውስጥ ሀይ ባይ ያጣ ለማኝ ራሱ እንደ መጀመሪያው የተሰበረ መስኮት ይቆጠራል። ዕቃው አይደለም፣ ሰውየው። በአማርኛ እኮ ለማኝን "የኔ ቢጤ" ነው የምንለው። ጸሐፊዎቹም አደጋው ጠፍቷቸው አይደለም። የቆዳ ቀለም ወይም የትውልድ አገር "የማይፈለገውን" ከ"ሚፈለገው" መለያ እንዳይሆን በምን እናረጋግጣለን ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ፣ ሙሉ በሙሉ የሚያጠግብ መልስ እንደሌላቸውም ራሳቸው ይመልሳሉ። በ1982 ነው ይህን ያሉት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው ያ ጥያቄ ሳይመለስ ነው።

አሁን ወደ ኒውዮርክ። በ1990 በዚያች ከተማ በአንድ ዓመት ከ2,200 በላይ ሰው ተገድሏል። ዊልያም ብራተን ያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ፖሊስ ኃላፊ ነበር፤ ሳይከፍሉ የመግቢያውን በር እየዘለሉ የሚገቡትን መያዝ ጀመረ። ከሚያዙት ከሰባቱ አንዱ በሌላ ወንጀል የሚፈለግ ነበር ይላል። በ1994 ሩዲ ጁሊያኒ ከንቲባ ሆኖ ብራተንን የከተማው ፖሊስ አዛዥ አደረገው። የመኪና መስታወት አጥቦ ሳንቲም የሚለምን፣ ግድግዳ የሚሞነጭር፣ መንገድ ላይ የሚጠጣ ሁሉ ተለቀመ። ወንጀል ወረደ። በደንብ ወረደ። ጁሊያኒም "አየችሁ?" አለ፣ ዓለምም አየ። "ዜሮ ቶለራንስ" የሚለው ቃል በየአገሩ ፖለቲከኛ አፍ ላይ የገባው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ያስቸግራል። በኒውዮርክ ግድያ መውረድ የጀመረው ጁሊያኒ ሳይመጣ፣ በ1991 ነው። የፖሊስ ቁጥር እንዲጨምር ያስወሰነውም ከሱ በፊት የነበረው ከንቲባ ዴቪድ ዲንኪንስ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያው ዘመን የክራክ ኮኬይን ማዕበል እየበረደ ነበር፣ ኢኮኖሚው እያደገ ነበር፣ ወንጀልም በመላ አገሪቱ ወርዷል። ሳን ዲዬጎ የኒውዮርክን መንገድ ሳይከተል ወረደለት። ካናዳም ወረደ፣ ጁሊያኒ ካናዳን አልገዛም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል ብለን እናምናለን፣ ምክንያቱም ሳይታሰብ የተደረገ ፈተና ነው። በ2000ዎቹ ኒውዮርክ "አስቁሞ መፈተሽ"ን አጧጧፈችው። በ2011 ብቻ ፖሊስ 685,724 ጊዜ ሰው አስቁሟል። ከአሥሩ ዘጠኝ የሚጠጋው ምንም ሳይገኝበት፣ ሳይታሰር፣ ሳይከሰስ ተለቀቀ። ከሚቆሙት እጅግ የሚበዙት ጥቁሮችና የላቲን ዘር ያላቸው ወጣቶች ነበሩ። በ2013 ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። ያን ጊዜ "ይህ ከቀረ ከተማዋ ወደ 1990 ትመለሳለች" የሚል ማስፈራሪያ ነበር። ማስቆሙ ቀረ፤ በ2017 ከ12 ሺህ በታች ወረደ። ግድያስ? በ2011 ከ500 በላይ ነበር፤ በ2017 ከ300 በታች ሆነ። በ2016 የዚያው ፖሊስ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ባወጣው ሪፖርት ደግሞ ለጥቃቅን ጥፋት የሚሰጠው ቅጣትና ክስ ከከባድ ወንጀል መቀነስ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

"ታዲያ ምን ጎዳ? ያልሰረቀ ሰው ቢፈተሽ ምን ይሆናል?" የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ እናውቃለን። ሁለት ሰዎች እናስታውሳችሁ፣ ሁለቱም መንገድ ላይ ሸቅጠው የሚያድሩ። አማዱ ዲያሎ ከጊኒ የመጣ የ23 ዓመት ስደተኛ ነበር። በየካቲት 1999 ብሮንክስ በራሱ ቤት ደጃፍ ላይ ሲቪል የለበሱ አራት ፖሊሶች አስቆሙት፤ እጁን ኪሱ ሲከት ሽጉጥ መሰላቸው። ቦርሳ ነበር። 41 ጥይት ተኮሱ። ፍርድ ቤት ነፃ ለቀቃቸው። ኤሪክ ጋርነር ደግሞ የስድስት ልጆች አባት ነው። በሐምሌ 2014 ስታተን አይላንድ ላይ ሲጋራ በፍሬ ትሸጣለህ ተብሎ ተያዘ፣ አንገቱ ታንቆ፣ መተንፈስ አልቻልኩም እያለ ሞተ። ሲጋራ በፍሬ! ያን ጊዜ የፖሊስ አዛዡ ማን ነበር? ብራተን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተሹሞ።

ኬሊንግ በዓመቱ ንድፈ ሐሳቤን አጣመሙት፣ እኔ ያልኩት ፖሊስ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆኖ በማመዛዘን እንዲሠራ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ እንዲለቅም አይደለም ብሎ ጻፈ። እናምነዋለን፣ በቅንነት ነው የተናገረው። ግን "የማይፈለገውን አስወግድ" ተብሎ የተሰማራ ፖሊስ ቁጥር እንዲያመጣ ሲጠየቅ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

እስቲ ከኒውዮርክ ወደ ቺካጎ። ሮበርት ሳምፕሰንና ስቲቨን ራውደንቡሽ የተባሉ ተመራማሪዎች መኪና ላይ ካሜራ አስረው፣ በዝግታ እየነዱ ቁጥር ስፍር የሌለው መንገድ ቀረጹ። የተጣለ ጠርሙስ፣ የተሰባበረ ቤት፣ የተሞነጨረ ግድግዳ፣ አንድ በአንድ ቆጠሩ። በ1999 ያወጡት ውጤት፦ ቆሻሻና ወንጀል አንድ ሰፈር ላይ አብረው ይገኛሉ፣ ግን በአብዛኛው አንዱ ሌላውን አይወልድም። ሁለቱም የሚመጡት ከተከማቸ ድህነትና ጎረቤት ከጎረቤት መተማመን ከማጣቱ ነው። ሰፈር ውስጥ የሰው ልጅ ሲያጠፋ "ተው!" የምትል እትዬ ካለች፣ መስኮቱ ቢሰበርም ሰፈሩ ደህና ነው። የዚያች እትዬ መጥፋት ነው ችግሩ።

በ2004 ደግሞ ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ሰዎችን "ሰፈራችሁ ምን ያህል የተዝረከረከ ነው?" ብለው ጠየቁና መልሱን ካሜራው ካየው ጋር አስተያዩት። ካሜራው ያየው ዝርክርክነት እኩል በሆነበትም ቦታ፣ ጥቁር ነዋሪ በበዛ ቁጥር ሰዉ ሰፈሩን ይበልጥ የተዝረከረከ አድርጎ ያየዋል። ጥቁሮቹ ነዋሪዎች ሳይቀሩ። መስኮቱ ሳይሰበር የተሰበረ ይመስላል ማለት ነው። የፓሎ አልቶዎቹን የተከበሩ የሚመስሉ መኪና ሰባሪዎች አስታወሳችሁ? እነሱን ማንም መስኮት አላላቸውም።

ራይት ሪያሊዝም ላይ ያለን ትልቁ ቅሬታ ይሄ ነው። "መሬት ላይ ያለውን እዩ" ይላል፣ ግን የሚያየው በፖሊስ ዓይን ነው፤ ያ ዓይን ደግሞ ሁሉም ላይ እኩል አያርፍም። ሌሎቹም ማብራሪያዎቹ ላይ ይህ ችግር አለ። ዊልሰን በ1985 ከሪቻርድ ሄርንስታይን ጋር በጻፈው ወፍራም መጽሐፍ፣ አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ለወንጀል የቀረበ ነው ይላል፦ ችኩል፣ በአእምሮ መመዘኛ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያለው፣ በሰውነቱም ጡንቻማ። እኛ "ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል" እንደምንለው፣ በሳይንስ ቋንቋ። ጥሩ፣ ግን ማንን ለክተው? በብዛት የተያዙትን፣ የታሰሩትን። ያልተያዘውን ማን ለካው? ምናልባት የለኩት የሌባን ተፈጥሮ ሳይሆን፣ ሮጦ ያላመለጠውን ነው።

ቻርልስ መሪ ደግሞ ጥፋተኛው የመንግሥት ድጎማ ነው አለ። ድጎማው ሰውን አሰነፈ፣ ያለ አባት የሚያድግ ልጅ አበዛ፣ አርአያ ያጣው ልጅም ጎዳና ወጣ። ይህን በ1984 በመጽሐፍ ጻፈ፣ በ1989 እንግሊዝ ሄዶ እዚያም ደገመው። በእናቱ ብቻ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን፣ ከኛም መካከል አለ። ስሜቱን እንተወውና ቁጥሩን እንይ፦ አሜሪካ ውስጥ ለእነዚህ እናቶች የሚሰጠው ድጎማ የመግዛት አቅሙ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እየወረደ ነው የሄደው፤ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ቁጥር ግን መጨመሩን ቀጠለ። ድጎማው ቢሆን ምክንያቱ፣ አብሮ መውረድ ነበረበት።

ይህ ሁሉ የአሜሪካና የእንግሊዝ ወሬ መስሏችሁ እዚህ ድረስ ካነበባችሁ፣ ቀጣዩ የኛው ሰዎች ታሪክ ነው። በሚያዝያ 2015 እስራኤል ሆሎን ከተማ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ የካሜራ ምስል ወጣ። ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጡ። መንግሥት ኮሚቴ አቋቋመ፣ ኮሚቴውም በ2016 ዘረኝነት መኖሩን አምኖ ምክረ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼይክ ጠበቆች በተሰበሰቡበት መድረክ ስለ ቤተ እስራኤላውያን ተጠየቀ። የመልሱ ይዘት ይህ ነው፦ በዓለም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ስደተኞችና ወጣቶች ወንጀል ውስጥ ከሌላው በላይ እንደሚገኙ ያሳያሉ፣ ስለዚህ ፖሊስ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲያይ አእምሮው ይበልጥ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው።

ሰውየው ዊልሰንን አልጠቀሰም፣ አንብቦት ይሁን አይሁን አናውቅም። አካሄዱ ግን አንድ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚሽከረከር ተመልከቱ። ቁጥሩ "እነዚህ ልጆች ያጠፋሉ" ይላል፤ ስለዚህ ፖሊስ እነሱን ያስቆማል። ብዙ ስላስቆመ ብዙ ያገኛል፦ ትንሽ ሐሺሽ፣ የቃላት ልውውጥ፣ "ፖሊስ አልታዘዝ አለ" የሚል ክስ። ያ ክስ ተመልሶ ቁጥር ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ "አላልኳችሁም?" ይላል። የሀብታም ሰፈር ልጅ ሐሺሹን ሳሎኑ ውስጥ ያጨሳል፣ ማንም አይቆጥረውም። በሰኔ 2019 ሰለሞን ተካ የተባለ ወጣት ሃይፋ አካባቢ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ፤ አገሪቱ ለቀናት መንገድ ዘጋች። በ2021 መጀመሪያ "ጠበቃ" የተባለው የቤተ እስራኤላውያን የሕግ ድጋፍ ማኅበርና ሌሎች ባቀረቡት አቤቱታ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፖሊስ በቂ ጥርጣሬ ሳይኖረው መታወቂያ አምጣ እያለ ሰው የሚያቆምበትን አሠራር ውድቅ አደረገ። ቀላል ድል አይደለም።

"እና ሌባውን ምን እናድርገው?" ትላላችሁ። ተገቢ ነው፣ ተቺ ሆኖ መቅረት ቀላል ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጆክ ያንግና ጆን ሊ የተባሉ ሁለት ግራ ዘመም ምሁራን በ1984 ይህንኑ ጥያቄ ለራሳቸው ወገን አቀረቡ። ወንጀል የጋዜጣ ማጋነኛ ብቻ አይደለም፣ የሠራተኛውን ሰፈር ነው የሚያጠቃው፣ ስለዚህ ለቀኞቹ አንተወው አሉ። ሌፍት ሪያሊዝም የሚባለው ይሄ ነው። የዊልሰንንም ጥያቄ የሚመልስ ነገር አላቸው። ድሃ ሁሉ አይሰርቅም፣ ሀብት ሲጨምርም ስርቆት ሊጨምር ይችላል፣ ምክንያቱም ሰውን የሚያንገበግበው ባዶነቱ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ራሱን ሲያስተያይ የሚሰማው ነገር ነው። 1960ዎቹ አሜሪካ ሀብታም ሆነች፣ ቴሌቪዥኑም ሀብቱን ለሁሉም አሳየ፣ ሁሉም ግን አልደረሰውም። ዛሬ ደግሞ ያ ቴሌቪዥን እጃችሁ ላይ ነው፣ በየደቂቃው ታሸብልሉታላችሁ።

ሌላው ነገር ሕዝቡ ካልተናገረ ፖሊስ ወንጀለኛን አይዝም። አብዛኛው ወንጀል የሚፈታው አንድ ሰው አይቶ፣ ደውሎ፣ መስክሮ ነው። ሰፈሩን በሙሉ እያስቆመ የሚፈትሽ ፖሊስ የሚደውልለትን ሰው ያጣል።

ቅጣት ማክበዱስ? ዊልሰን ራሱ ጽፎታል፦ ሰውን የሚያስፈራው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የመያዙ እርግጠኝነት ነው። ፖለቲከኞቹ ግን ክብደቱን ወደዱት፣ ምርጫ ላይ ጥሩ ይሸጣላ። ካሊፎርኒያ በ1994 "ሦስተኛ ጊዜ ካጠፋህ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ" የሚል ሕግ አወጣች። ቀድሞ ጥፋት የነበረበት አንድ ሰው በ1995 ከሁለት መደብሮች ዘጠኝ የቪዲዮ ካሴቶች ሰረቀ። ዋጋቸው 153 ዶላር ገደማ። 50 ዓመት ሳይሞላው በአመክሮ መጠየቅ የማይችልበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2003 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ አጸናው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የክፍለ ግዛትና የፌዴራል ወህኒ ቤቶች 200 ሺህ ገደማ ሰው ነበር፤ በ2009 ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ወንጀሉን በከፊል ቀንሶት ይሆናል፣ የታሰረ ሰው መንገድ ላይ አይሰርቅምና። ግን የካሊፎርኒያ ሕዝብ ራሱ በ2012 ድምፅ ሰጥቶ ሕጉን አለሳለሰው፤ ለካሴት ሌባ አምሳ ዓመት መቀለብ በዛበት።

ለጠያቂያችን የምንለው ይህን ነው፦ አዎ፣ ድሃ ሁሉ አይሰርቅም፣ አንተም ምስክር ነህ። ጥያቄህን ግን ግማሽ ላይ አታቁመው። የሚሰርቀው ሁሉ ይያዛል እንዴ? የተያዘው ሁሉስ ሰርቋል?

ቪዲዮውን የላከልን ሰው "ለምን አልለጠፋችሁም? ሌባ ትደብቃላችሁ?" ብሎ በድጋሚ ጽፎልናል። ስልኩ የማን እንደነበረ፣ ከልጁ ኪስ ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቅነው። "እኔ ስደርስ ሰው ከቦት ነበር" ነው ያለው። የምታውቁ ካላችሁ ኢንቦክስ ክፍት ነው። ኮሜንት ላይ የልጁን ፊት የሚለጥፍን ሰው ግን ብሎክ እናደርጋለን።